የፊልም መጀመሪያ ብቻ የምታየው ሰዓዳ

ስልኬ ሲጠራ ምሳ ላይ ነበርኩ። የሕንፃችን ጥበቃ ጋሼ ለማ ናቸው። እሳቸው ሲደውሉ ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ ቧንቧ ፈንድቷል፤ ስለዚህ አፌ ውስጥ ያለውን ሳልውጥ «አቤት ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ?» አልኳቸው። «ያቺ ሳቂታዋ ልጅ አረፈች» አሉኝ።

የቷ ሳቂታ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ታች ብርድ ልብስ ከሚያራግፉት አንስቶ አራተኛ ፎቅ እስካለነው ድረስ፣ ሳቂታ ብሎ ነገር አንዲት ሰዓዳ ብቻ ነበረች። መታመሟን እናውቃለን። ግን እሷ ሕመሙን እንደ ቀልድ ስለያዘችው እኛም እንደ ቀልድ ይዘነው ከረምን። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ እንኳ ትራስ ተደግፋ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና አንድ አዲስ የውጭ ፊልም እንዴት እንደሚጀምር አሳየችኝ። «ይህን ካየህ በኋላ እስከዛሬ የሠራኸውን ሁሉ ትደልዘዋለህ» ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ ይህን ስጽፍ ሳቅ ቢያመልጠኝ አትፍረዱብኝ። ሰዓዳን አስታውሶ ፊቱን እንደቋጠረ የሚቆይ ሰው ካለ በደንብ አያውቃትም ነበር።

የምሠራበት ቤት ሠርግና ፊልም የሚቀናበርባት ጠባብ ክፍል ናት፤ መርካቶ፣ ወደ አብነት መውጫው ላይ። እኔ ምስል እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሰዓዳ ደግሞ ታይትል ትሠራ ነበር። ታይትል የምንለው ፊልሙ ሲጀምር የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም እየመጣ የሚሄድበትን ነው፤ ያውም ተመልካቹ ወንበሩን የሚፈልግበትን፣ ፈንዲሻ የሚቀባበልበትን፣ «የት ደረስሽ?» እያለ ስልክ የሚያወራበትን። እኔ እሷን እስካውቅ ድረስ ለዚህ ነገር ተብሎ ሰው ይቀጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥቁር መደብ ላይ ወርቃማ ፊደል፣ ከጎኑ የሚያብለጨልጭ ኮከብ፤ በቃ፣ አለቀ።

ሰዓዳ ግን የፊልም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይታ አታውቅም። ስሞቹ አልቀው የመጀመሪያው ተዋናይ አፉን ሲከፍት እሷ ትዘጋዋለች።

«ኧረ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ አያምርሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ይሆናሉ ታሬ፤ ወይ ይጋባሉ ወይ ይሞታሉ» አለችኝና ወደሚቀጥለው አለፈች። ታሪኩ የሚለውን ስሜን ታሬ ብላ ያሳጠረችው እሷ ናት፤ አሁን ሚስቴም ታሬ ነው የምትለኝ።

ያን ሁሉ የፊልም መጀመሪያ የምታገኘው ከኢንተርኔት ነው። ግን የሕንፃችንን ዋይፋይ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ሱቆቹ ሲከፈቱ ነጋዴው ሁሉ ቻይና ካለው ደንበኛው ጋር በቪዲዮ ጨርቅ ማማረጥ ይጀምራል፤ ያኔ አንዲት አጭር ቪዲዮ ለማየት ሻይ ታዞ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ይመለሳል። ስለዚህ ሰዓዳ ሱቅ ሳይከፈት፣ ጋሼ ለማ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ የሕንፃውን በር ታንኳኳለች። «ምን ያስቸኩልሻል ልጄ፣ ፊልሙ የትም አይሄድ» እያሉ ይከፍቱላታል። እኔ ስደርስ የጠዋቱን ሁሉ አውርዳ፣ አንዱን አቁማ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ አገኛታለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ምን ብላ እንደምትፈልግ እንኳ አታውቅም ነበር። የሙያው ሰዎች ሥራውን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት የነገራት የለም። «የሚያምር የስም አጻጻፍ» የመሰለ ነገር በራሷ እንግሊዝኛ ብትጽፍ የሠርግ ካርድ፣ የንቅሳት ዓይነትና ለሕፃናት የሚወጣ ስም ተደረደረላት። «ልጅ ብወልድ ስም አላጣም» ብላ ለሁላችንም አወራችው። ቆይታ ቆይታ ከአንድ ቪዲዮ ሥር ሰዎች ከሚጽፉት አስተያየት ትክክለኛውን አጠራር ለቀመች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማታል! የፊልም መግቢያዎችን ብቻ የሚሰበስብ፣ እያንዳንዱን በፎቶ ከፋፍሎ የሚያሳይ፣ ሠሪዎቹንም እንዴት እንደሠሩት የሚጠይቅ ድረ ገጽ አገኘች። እዚያ ያልገባትን የስልኳ መተርጎሚያ ላይ ትጥለዋለች፤ መተርጎሚያው የባሰ ያወሳስበዋል፤ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለች፤ እኔም የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ አስረዳታለሁ። እየሳቀች ሰምታኝ ተመልሳ ራሷ ታነበዋለች።

አንድ አመል ነበራት። ቪዲዮውን አቁማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ስሙን በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች። ስሙ ተሸፍኖ ሥዕሉ ምንም ካልጎደለው፣ ስሙ ዝም ብሎ የተለጠፈ ነው ትላለች። በዚህ አመሏ የሁላችንም ስክሪን የጣት አሻራ ሞልቶት ነበር፤ ስንቆጣ በሻርፗ ጠርጋ ሌላ አሻራ ትተውልናለች።

መርካቶ ደግሞ በሳምፕል የሚኖር ሰፈር ነው። መጋረጃ የሚያሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ጫማ የሚያሠራ አንድ እግር ጫማ። ፊልም የሚያሠራውም እንደዚያው ስልኩን መዥረጥ አድርጎ የፈረንጅ ፊልም መጀመሪያ ያሳይና «ቁርጥ ይህን» ይላል። እኛ እሺ ብለን ቁርጥ ያንን እንሠራ ነበር። ሰዓዳ ናት ያበላሸችብን።

«ይኸማ ተሠርቷል እኮ፤ ሁለተኛ ምን ያደርግልዎታል?» ትላቸዋለች።

«ታዲያ አንቺስ ጠዋት ጠዋት ሳምፕል ስታዪ አይደል የምትውዪው?»

«እኔ የማየው የተሠራውን አውቄ እንዳልደግመው ነው።»

አንድ ጠዋት ደረጃውን ሳልጨርስ ጩኸቷን ሰማሁ። «ታሬ! ታሬ! ኮምፒውተር አይደለም እኮ!» ሮጬ ገባሁ፤ የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሎኝ። ለካ የምትወዳቸው መግቢያዎች እንዴት እንደተሠሩ አንብባ ነው። አንዱ ቀለም ውሃ ውስጥ እያንጠባጠበ ቀርጾታል። ሌላው ክር በእጁ እየጎተተ። አንዷ ደግሞ ወረቀት እየቆራረጠች፣ በአምፖል ጥላውን ግድግዳ ላይ እየጣለች። «እኛ እዚህ ኮምፒውተሩን አንቀን ይዘን ኮከብ ውለድ እንለዋለን፤ እነሱ ዕቃ ነው የሚቀርጹት! ዕቃ ደግሞ ከመርካቶ በላይ ማን አለው?» አለች። ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠችም።

እንግዲህ ስለ አባቷ መናገር አለብኝ። ጋሼ ከድር የሸራ ነጋዴ ናቸው፤ ተራው ማዶ ሆነው ደንበኛ ሲጠሩ ድምፃቸው እኛ ጋ ይሰማል። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ሥራዋ ግን አይገባቸውም። «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሏቸው «ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች» ነው መልሳቸው። ሰዓዳ ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ግን እንደሚያማት አውቃለሁ። ሥራዋን ልታሳያቸው ብትወስዳቸውም የሚያዩት የሌላ ሰው ስም ነው። በእኛ ፊልም መጀመሪያ ላይ ወንበር ያዋሰው ሆቴል ይመሰገናል፣ ውሃ ያመጣው ይመሰገናል፣ ቤቱን የፈቀደው ይመሰገናል። ያን ሁሉ ስም የጻፈውን ሰው ግን ማንም ትዝ አይለውም። «አንድ ቀን አባዬን ሲኒማ ቤት አስቀምጬ ስሜን እንዲያነበው ነው የምፈልገው። ከዚያ ቢፈልግ ይተኛ» አለችኝ። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ዕድሉ የመጣው በጋሽ ደሳለኝ በኩል ነው። ጋሽ ደሳለኝ የፍራሽ አከፋፋይ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ግን ፊልም ማሠራት አማራቸው። የፊልሙ ታሪክ በአባታቸው ሱቅ ስለተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ሱቁ ደግሞ የቆርቆሮ ዕቃ መሸጫ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሊያስመርቁት ቸኩለዋል። እንደ ወጉ ስልካቸውን ሊያወጡ ሲሉ ሰዓዳ እጃቸውን ያዘችና «ጋሽ ደሳለኝ፣ ስሙን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ በስቼ፣ ከኋላው መብራት አብርቼ ልቅረጸው» አለቻቸው።

«የኔን ስም ቆርቆሮ ላይ?»

«ሳምፕል የለውም። ማንም አልሠራውም።»

ማንም አልሠራውም የሚለውን ሲሰሙ የነጋዴ ዓይናቸው በራ። ተስማሙ። የእሷም ስም እንዲገባ ቃል ገቡላት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ለአባቷ «የዋዜማውን ቀን ለማንም እንዳትሰጠው» ብላ ነገረቻቸው።

አሮጌ ብረታ ብረት የሚታደስበት ምን አለሽ ተራ ውስጥ ጋሼ ወልዴ የሚባሉ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አሉ። ሰዓዳ ስሞቹን በትልቁ አትማ፣ ከአሮጌ በርሜል በተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ ለጥፋ ሰጠቻቸው፤ እሳቸው በመሮ እየመቱ ፊደሉን በሱት። የመጀመሪያው ቀን የመሪ ተዋናይቷ የመዓዛ ስም ተበላሸ። «መ» ሲቆረጥ ክብ ሆዱ አብሮ ወደቀና ሁለት ትልልቅ ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ሰዓዳ በማግስቱ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ገብታ የውጭ አገር ጽሑፍ ቆራጮች ምን እንደሚያደርጉ አይታ መጣች፤ ሆዱን ከዳሩ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ይተዋሉ። ለጋሼ ወልዴ በጣቷ አሳየቻቸው። «እንዲህ ብለሽ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብለው ተቆጧትና ከእሷ አሳምረው ሠሩት። ስሞቹ አለቁ፤ የመጨረሻው የራሷ ነበር። ካሜራውን የምንከራየው ቅዳሜ ስለሆነ ቆርቆሮዎቹን እዚያው ደርድረን ሄድን።

ይህን ስህተት የሚሠራ እዚያው ሰፈር ኖሮ የተዘናጋ ሰው ብቻ ነው። ምን አለሽ ተራ ዕቃ አስቀምጠህ ከሄድክ፣ ስትመለስ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይጠብቅሃል። ጋሼ ወልዴ ለቅሶ ደርሷቸው አገር ቤት ሄደዋል። አብሯቸው የሚሠራው ሸምሱ ደግሞ ስለ ፊልሙ ምንም አልሰማም። ቅዳሜ ካሜራውን ተሸክመን ስንደርስ፣ ስሞቻችን በሙሉ ከሰል ማንደጃ ሆነዋል፤ ከፊሎቹ ተሸጠው ሄደዋል፣ የቀሩት ተሰልፈዋል።

«ቀዳዳ አለው፤ አየር ያስገባል ብዬ ነዋ!» አለ ሸምሱ፣ ደንግጦ። «መብሳቱ ነው ጊዜ የሚፈጀው። የበሳውን አላህ ይስጠው እያልኩ ነው የሠራሁት። የበዓል ገበያ ነው፤ እንዴት ልተወው?»

ሰዓዳ የተደፋ ጣሳ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ለጋሽ ደሳለኝ ምን ብዬ እንደምደውል ሳስብ፣ እሷ አንዱን ማንደጃ ወደ ራሷ አዞረችና አነበበችው። መሪ ተዋናዩ ዳዊት ነው። «ታሬ፣ ዳዊት ላይ ሽሮ ሊጣድበት ነው!» አለችና ሳቋ መጣ። ያን ሳቅ ምን አለሽ ተራ መዶሻውን ሁሉ አቁሞ ሰማው። ስቃ ስትጨርስ ማንደጃውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ሸምሱ፣ ከሰል አለህ?» አለችው።

ከሰሉ ሲቀጣጠል ውጭ እያካፋ ነበር፤ ከላሜራው ጣሪያ ሥር ደንገዝ ብሏል። ሸምሱ ሲያራግበው «ዳዊት» የሚለው ስም ከጨለማው ቀልቶ ወጣ። ማራገቢያውን ሲያሳርፍ ስሙ ቀስ እያለ ጠፋ። መልሶ አራገበ፤ መልሶ መጣ። «ካሜራ!» አለች ሰዓዳ፤ «ምን ታፈጣለህ፣ ካሜራውን!»

ተሽጠው የሄዱትን መከተል ሌላ ጣጣ ነው። የመዓዛ ስም ያለበት አብነት መታጠፊያው ላይ በቆሎ በሚጠብሱት በእትዬ ብርቄ እጅ ገብቷል። ዋጋ ጨምረን እንግዛው ብንላቸው «በቆሎዬን ከእሳት አላወርድም» አሉን።

«እትዬ፣ የመዓዛ ስም እኮ ነው ያለበት» አለች ሰዓዳ።

«የቷ መዓዛ? ያቺ ቴሌቪዥን ላይ የምታለቅሰዋ?» ጎንበስ ብለው አዩት። «ውይ! እሷ ላይ ነው ለካ የምጠብሰው! እንግዲያውማ ጭራሽ አልሸጠውም።»

እዚያው ባለበት ቀረጽነው። ሰዓዳ ጃንጥላ ይዛ፣ እኔ እርጥብ አስፋልት ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ እትዬ ብርቄ እያራገቡ። ጠብታው እሳቱ ላይ ቸስ ሲል የመዓዛ ስም በእንፋሎት ውስጥ ያበራል። ዛሬም ከሠራሁት ሁሉ ያን ምስል እወደዋለሁ።

የሰዓዳ ስም ብቻ ነው የጠፋው። ሸምሱ አሰበ፣ አሰበና «አንድ ሰውዬ ጠዋት ወሰደ፤ ፍቼ ነው የምወስደው ብሎኛል» አለ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጥን። አንድ ወዛደር ገና ስንጠይቀው ሳቀ። «የፍቼው? ማንደጃ የያዘው ሰውዬ አይደል? እኔ ነኝ ጣሪያው ላይ የሰቀልኩለት። አውቶቡሱ አሁን ወጣ።» ሰዓዳ የአውቶቡሱን መውጫ እያየች ቆመች።

ሸምሱ አዲስ ቆርቆሮ ልብሳ ብሎ ሞከረ፤ የጋሼ ወልዴ እጅ ስለሌለው አይጥ የበላው መሰለ። ጋሼ ወልዴ ከበዓሉ በፊት አይመለሱም፤ ካሜራው ደግሞ ማታ መመለስ አለበት። እኔ በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ስሟን በኮምፒውተር ሠራሁላት። ከሰሉን አመሳሰልኩ፣ ጭሱን ጨመርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ማንም አይለየውም። ጠርቼ አሳየኋት። ደጋግማ አየችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ታሬ። አጥፋው።»

«ምን ሆነሻል? አባትሽ እኮ ሊመጡ ነው!»

«የሁሉም እሳት ነው። የኔ ብቻ ውሸት ይሁን?»

ጋሽ ደሳለኝ ሲሰሙ ተጨነቁ፤ በእውነት ተጨነቁ። ፊልሙ ሲያልቅ በሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ እናስገባው አሏት። እሷም «እዚያስ ይግባ። አባዬ ግን ለመግሪብ ሶላት ይወጣል፤ አያየውም» አለቻቸው። ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው። ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ፋይሉን ያጠፋሁት በስንት መከራ ነው።

የዋዜማው ቀን ጋሼ ከድር ካፖርታቸውን አድርገው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ከሁሉ ቀድመው መጡ። ሰዓዳ ስሟ እንደማይወጣ አልነገረቻቸውም። በእሷና በእኔ መካከል ተቀመጡ። መብራት ጠፋ። እንደ ልማዱ አዳራሹ ይንጫጫ ነበር፤ የመጀመሪያው ስም ከጨለማ ውስጥ ቀልቶ ሲወጣ ግን ጫጫታው እየሳሳ ሄደ፤ የመዓዛ ስም ጋ ሲደርስ የሚተነፍስ የለም። ጋሼ ከድር እያንዳንዱን ስም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ቀጥሎ የሷ ነው እያሉ እንደሚጠብቁ ያስታውቃል። የዳይሬክተሩ ስም መጣ፣ ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሱቅ ሲከፍቱ ታዩ።

«ያንቺስ?» አሉ ጋሼ ከድር።

«የኔ ማንደጃው ተሸጠ፣ አባዬ። ፍቼ ሄደ።»

«እና የለሽበትም?»

«የለሁበትም። ግን ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ስክሪኑ ላይ ወንድማማቾቹ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። ጋሼ ከድር ድንገት ብድግ አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ጥላቸው ስክሪኑን ጋረደው።

«ስሙኝ!» አሉ፤ ተራው ማዶ ደንበኛ በሚጠሩበት በዚያ ድምፅ። «ይህን ሁሉ ስም በእሳት የጻፈችው ልጄ ናት! የሷ ስም አልተጻፈም፤ እኔ እነግራችኋለሁ! ሰዓዳ ትባላለች! ሰዓዳ ከድር!»

«ኧረ አባት፣ ይቀመጡልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰዓዳ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና፣ ትሳቅ ታልቅስ ሳይለይላት፣ የካፖርታቸውን ጫፍ ትጎትታለች። «አባዬ፣ በአላህ ተቀመጥ! ፊልሙ ጀምሯል!»

«ይጀምራ» አሉ ጋሼ ከድር። አዳራሹ በሙሉ እስኪያጨበጭብላት ድረስ አልተቀመጡም።